የአንጎል ደም ሥር ሲቲ ስካን ስታነሡ

ቱሉ ዲምቱ ወዳለው ክፍላችን ለልምምድ የሚመጡ ወጣቶች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ፎቶን ቆጣሪው ዲቴክተር ነው፤ የኤክስሬይ ቅንጣቶችን (ፎቶኖችን) አንድ በአንድ ስለሚቆጥረው የሲቲ ጨረር ተቀባይ ማለቴ ነው። እኛ ጋ ያለው የተለመደው ማሽን ነው፤ እሱ ጨረሩን መጀመሪያ ወደ ብርሃን፣ ከዚያ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ማታ የቀኑን ገቢ በድምር ብቻ እንደሚረከብ የታክሲ ባለቤት ቁጠሩት። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው አዲሱ ግን ረዳቱን ይመስላል፤ እያንዳንዱን ሳንቲም ሲቀበል ያየዋል፣ ብሩን ከሃምሳ ሳንቲሙ ይለያል። ውስጡ ያለው ካድሚየም ቴሉራይድ የተባለ ቁስ ጨረሩን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ስለሚለውጥ የእያንዳንዱ ፎቶን ጉልበት ይታወቃል። ደም ሥሩ እንዲታይ በመርፌ ከምንሰጠው ፈሳሽ (ኮንትራስት) ጋር በደም ውስጥ የሚፈሰውን አዮዲን የደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ከተጋገረው ካልሲየም መለየት የሚቻለውም በዚህ ነው። የምስሉ ቁራጭ ውፍረት እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የራስ ቅል ግርጌ ላይ አጥንትና ደም ቅዳ ተጣብቀው ላስመረሩን ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ኮንትራስቱ የሚገባበትን ቀጭን ቱቦ፣ ካኑላውን፣ ግን አሁንም የምታስገቡት እናንተ ናችሁ። ቀኝ ክንድ፣ የክርን መታጠፊያ ላይ፣ አረንጓዴው 18 ቁጥር፤ ካልሆነ ሮዙ 20። በግራ በኩል የገባ ኮንትራስት ደረትን በአግድም ተሻግሮ ስለሚያልፍ፣ እዚያው ወፍሮ ከቆየ ወደ አንገት የሚወጡትን ደም ቅዳዎች መነሻ ይሸፍናል። በሰከንድ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ስለሚገፋ አስቀድማችሁ በሳላይን (በጨው ውሃ) ሞክሩት፤ ጣታችሁ ከቆዳው ላይ አይነሣ። ትንሽ እንኳ ካበጠ አውጡት።

ክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና አለርጂ ሳትጠይቁ አትጀምሩ። ማተብ አታስወልቁ፣ ክር ጨረር አይከለክልም፤ ብረት መስቀል ካለበት ግን መስቀሉን ፈትታችሁ ለአስታማሚው ስጡ። ሻሹንም ፍቱት። እኔ አንድ ጊዜ አንዲትን እናት ላለማስቸገር ብዬ ተውኩት። ሥሩ መርፌ ቁልፍ ነበር፤ ምስሉ በነጭ ጨረር ተሰነጣጥቆ ወጣ፣ እሳቸውም በእኔ ይሉኝታ ሁለተኛ መርፌ ተወጉ።

ከመግፋታችሁ በፊት እንዲህ በሏቸው፦ «ሰውነትዎ ይሞቃል፣ ሽንት ያመለጠዎት ይመስልዎታል፤ አላመለጠዎትም። ምራቅዎን አይዋጡ።» አማርኛ የማይሰሙ ብዙ ስለሚመጡ ይህንኑ በኦሮምኛ አጥኑት። ከዚያ ዓይናችሁ ስክሪኑ ላይ በሚታየው የአኦርታው (ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ) ቅስት ላይ ይሁን፤ ነጣ ሲል ጀምሩ። ጥቂት ሰከንድ ከዘገያችሁ ደም መልሶቹም ይሞላሉ፣ የትኛው የቱ እንደሆነ ሐኪሙ ሲፈልግ ያመሻል።