ስትሮክ የመታውን ሰው ስታስታምሙ ትኩሳቱን እንዲህ ተከታተሉ

አባቴን ስትሮክ መቶት ሆስፒታል ሳስታምም በሁለተኛው ሌሊት ሰውነቱ ሲግል እኛ ብርድ ነው ብለን ጋቢ በጋቢ ላይ ደረብንለት፣ ነርሷን የጠራናት ሲነጋ ነው፣ እስካሁን ይቆጨኛል፣ ስለዚ አሁን አስታማሚ የሆናችሁ ይሄን አንብቡት።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ደም የተቋረጠበት የአንጎል ክፍል መሀሉ ቶሎ ቢሞትም ዙሪያው ግን ለሰዓታት ልትረፍ አልትረፍ እያለ ይቆያል፣ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ያ የተራበ ክፍል ጭራሽ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ከየት ያምጣው? በ1996 እ.ኤ.አ ኮፐንሃገን ውስጥ 390 ታካሚዎች ላይ የተሰራ ጥናት ሆስፒታል ሲገቡ ሙቀታቸው በ1 ዲግሪ ከፍ ባለ ቁጥር የመሞት ወይም ክፉኛ የመጎዳት እድላቸው ከእጥፍ በላይ እንደሚሆን አሳይቷል።

ስለዚ ከፋርማሲ ዲጂታል ቴርሞሜትር ግዙ፣ ግንባር መዳበስ አያስተማምንም። የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት በየ4 ሰዓቱ ለኩ፣ ሌሊትም ተነስታችሁ፣ ሰዓቱንና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉና ዶክተሮቹ ራውንድ ሲመጡ አሳዩዋቸው። 37.5 ከደረሰ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ነርስ ጥሩ። አውስትራሊያ ውስጥ ነርሶች ትኩሳትን፣ ስኳርንና መዋጥን እንዲህ በስርአት ሲከታተሉ ከ3 ወር በኋላ የሞቱት ወይም የሰው እጅ ጠባቂ የሆኑት ቁጥር ቀንሷል።

አደራ የምላችሁ፣ መዋጥ መቻላቸው ሳይታይ ምንም ነገር በአፍ አትስጡ፣ ፓራሲታሞልም ቢሆን፣ አጥሚትም፣ ምች ነው ተብሎ የተጨመቀ ዳማከሴም። ጠበል ካመጣችሁ ፊታቸውን አብሱበት እንጂ አታጠጧቸው። ወደ ሳንባ ከሄደ ኒሞኒያ ያመጣል፣ እሱ ደግሞ ሌላ ትኩሳት ነው። ፓራሲታሞል በደም ስርም በፊንጢጣም የሚሰጥ አለ፣ ሀኪሙ ይዘዘው። አስፕሪን ግን ለትኩሳት ብላችሁ በራሳችሁ እንዳትሰጡ፣ ስትሮኩ አንጎል ውስጥ ደም ከመፍሰስ የመጣ ከሆነ ያባብሰዋል፣ ያንን ደግሞ የሚለየው ሲቲ ስካን ነው።

ትኩሳቱ ቢወርድም ከምን እንደመጣ ጠይቁ፣ ሳንባ ነው? የሽንት ቱቦው (ካቴተሩ) ነው? ጉሉኮስ የተሰካበት ክንድ ቀልቷል? ከቆላ የመጡ ከሆነ የወባ ምርመራም ይደረግላቸው። ፓራሲታሞል ቁጥሩን ያወርዳል እንጂ ኢንፌክሽኑን አያጠፋም።

ብርድ ልብሱን አቅሉ፣ መስኮት ከፈት አርጉ፣ በረዶ ደርድሮ ማስተኛት ግን አይሆንም፣ ከተንቀጠቀጡ ሰውነታቸው ያለችውን ኦክስጅን ጭራሽ ይጨርሳታል።