ታይምስ ስኩዌር ፓስታ ልትበሉ ከመግባታችሁ በፊት

«ሜኑው ላይ 20 ዶላር ይላል፤ ለምን 26 ከፈልኩ?» ከዲሲና ከሜሪላንድ ተነስቶ ኒውዮርክን ሊያይ የሚሄድ አዲስ ገቢ ሁሉ ሲመለስ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። ለእያንዳንዱ ሰው መድገሙ ሰለቸኝ። ሳትሄዱ አንብቡት። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ብትጠይቁኝ የምረዳችሁ ነገር የለም።

ታይምስ ስኩዌር ላይ እንደ ኦሊቭ ጋርደን ያለ የቤተሰብ የጣሊያን ምግብ ቤት መግባት ጥሩ ሐሳብ ነው። ልጅ ይዞ መግባት አያሳቅቅም። ፓስታና ላዛኛም ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ግን ያው ሳህን ሰፈራችሁ ካለው ቅርንጫፍ እዚያ ይወደዳል። የቱሪስት ሰፈር ነው፣ ኪራዩን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ስትገቡ ወንበር ስባችሁ አትቀመጡ። በር ላይ ላለችው ልጅ ስምና የሰው ብዛት ሰጥታችሁ ጠብቁ። ቢራ ወይም ወይን የምታዙ ከሆነ ፓስፖርት ያዙ፤ 21 ዓመት መሙላታችሁን የቀበሌ መታወቂያ አያስረዳም።

ጾመኞች፣ እኛ ፓስታ በስጎ የምንለውን ከፈለጋችሁ ማሪናራ ብላችሁ እዘዙ። አልፍሬዶ ክሬምና ቅቤ ነው። የኦሊቭ ጋርደን ሚኔስትሮኔ የአትክልት ሾርባ ስለሆነ ለጾም ይሆናል፤ ሌላ ቤት ግን ቺዝ ሊገባበት ስለሚችል ጠይቁ። ሰላጣውን ያለ ማባያው እዘዙ፤ ማባያው ውስጥ እንቁላልና ቺዝ አለ። አስተናጋጁ መፈቅፈቂያ ይዞ መጥቶ በቃኝ እስክትሉ ቺዝ ይበትናል፤ ሳይጀምር «ኖ ቺዝ» በሉት። አሳማ የማትበሉ ደግሞ ዙፓ ቶስካና የሚባለውን ሾርባ ተዉት። ቋሊማውም ቤከኑም አሳማ ነው። «ሳውሴጅ» የሚል ቃል ካያችሁ፣ ሌላ ካልተባለ አሳማ ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

ሾርባው፣ ሰላጣውና ዳቦው እየተደጋገመ ይመጣል፣ ለየሰዉ ግን ነው። አንድ ሰው አዞ ገበታው ሁሉ እንዲካፈለው አይፈቀድም። እንደ ቤታችን አብረን እንቁረስ ማለት እዚህ ጭቅጭቅ ያመጣል። ውሃ ሲጠየቅ «ታፕ ወተር» በሉ፤ እሱ በነጻ ነው፣ የጠርሙሱ ይከፈልበታል። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ታብሌት ካለ ከልጆቹ አርቁት። ጨዋታውን ሲነኩ ሂሳቡ ላይ ሊደመር ይችላል።

አሁን ወደ ሂሳቡ። አሜሪካ ሜኑ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ታክስ የለበትም። ለምን አብረው እንደማይጽፉት እስካሁን አልገባኝም፤ ሰውን ማደናገር ነው። የምግብ ቤት ታክስ ኒውዮርክ ከተማ 8.875 በመቶ፣ ዲሲ 10 በመቶ፣ ሜሪላንድ 6 በመቶ ነው። ቲፕ ደግሞ ከ18 እስከ 20 በመቶ የተለመደ ነው። «አገራችን እንዲህ የለም» ብሎ ሁለት ዶላር ጥሎ መውጣት ነውር ነው። የፌዴራሉ ሕግ ቲፕ ለሚቀበል ሠራተኛ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ1991 ጀምሮ 2.13 ዶላር ነው። ኒውዮርክ ከዚያ በጣም ይበልጣል፣ ቨርጂኒያ ግን ዛሬም ያው ነው። ከእነዚያ አስተናጋጆች ብዙዎቹ የእኛ ልጆች ናቸው።

ሁለት ጊዜ ቲፕ ከመክፈል ግን ተጠንቀቁ። እዚያው ታይምስ ስኩዌር አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ዘመዶቼን ይዤ ገብቼ የደረሰብኝ ይህ ነው። ብዙ ሰው ስለነበርን ቲፑን ራሳቸው ሂሳቡ ውስጥ ጨምረውታል። በደቃቃ ፊደል «ግራቹቲ» (gratuity) ይላል፤ ያው ቲፕ ማለት ነው። ከታች ደግሞ «ቲፕ» የሚል ባዶ መስመር ትተዋል። አስተናጋጁም ምንም አላለም። እኔም ሞላሁት። ልዩነቱን በቁጥር እዩት። ምግቡ 200 ዶላር ቢሆን ታክሱ 17.75፣ የጨመሩት 18 በመቶ 36 ዶላር፣ ድምሩ 253.75 ነው። በዚህ ላይ እንደገና 20 በመቶ ብትጽፉ 304.50 ይገባል። ሃምሳ ዶላር በከንቱ! ስለዚህ እስክሪብቶውን ሳታነሱ «ግራቹቲ» ወይም «ሰርቪስ ቻርጅ» የሚል መስመር ፈልጉ። ካገኛችሁ የቲፑን ቦታ በሰረዝ ዝጉና ድምሩን ጻፉ። ካልገባችሁ «ኢዝ ቲፕ ኢንክሉድድ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማፈር አያስፈልግም፣ የራሳችሁ ገንዘብ ነው። ስክሪን ከሰጧችሁም ቁልፉ ላይ ያለው መቶኛ ከታክስ በፊት ካለው ዋጋ ይሁን ከድምሩ አስተውሉ።

ለየብቻ የምትከፍሉ ከሆነ ስታዙ ተናገሩ። በመጨረሻ «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» እየተባባሉ መጓተት አስተናጋጁን ያጉላላል፣ ውጭ የሚጠብቀውንም ሰው ያቆማል። ደረሰኙን ይዛችሁ ውጡ። ቲፕ የተጻፈበት ሂሳብ ካርድ ላይ የሚጸናው ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ የባንክ አፓችሁን ከፍታችሁ ከደረሰኙ ጋር አስተያዩት። ካልገጠመ ለምግብ ቤቱ ደውሉ፤ እምቢ ካሉ ለባንካችሁ አመልክቱ።