ከፕላስቲክ ዕቃ ማስቀመጫ የጫጩት ቤት እንዴት እንደሚሰራ

የደሴን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ቀን ላይ ፀሐይዋ ታታልላለች፤ ማታ ግን ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ አጥንት ይሰብራል። ሰው ጋቢውን ደርቦ ያድራል። የአንድ ቀን ጫጩት ግን ገና ላባ አላወጣችም። እናት ካለቻት ክንፍ ስር ትገባለች። ከማስፈልፈያ ተገዝታ የመጣች ከሆነች ክንፉን የምትሰሩላት እናንተ ናችሁ።

እኔ የምሰራው ገበያ ላይ ለልብስና ለብርድ ልብስ ማስቀመጫ ከሚሸጠው ባለክዳን ፕላስቲክ ነው። የመጀመሪያውን ስሰራ የግቢያችን እናት ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ ይኼማ የዳቦ ማስቀመጫ እንጂ የጫጩት ቤት ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

ርዝመቱ 60፣ ወርዱና ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ ይበቃል። ለ10 ወይም ለ12 ጫጩት ነው፤ እሱም ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት። ውስጡን የሚያሳይ ነጣ ያለ ፕላስቲክ ምረጡ፤ ክዳን ሳትከፍቱ ታዩበታላችሁ። ከዚህ ሌላ ጥልፍልፍ ሽቦ፣ ቀጭን ማሰሪያ ሽቦ፣ ፒንሳ፣ ካተር፣ አንድ ትልቅ ሚስማር፣ የአምፖል መያዣ ከነገመዱ እና አምፖል ያስፈልጋል።

አምፖሉ ላይ ቆም እንበል። ገበያው በቆጣቢ አምፖል ተጥለቅልቋል። ቆጣቢው ያበራል እንጂ አያሞቅም። የምትፈልጉት የድሮውን፣ ውስጡ ቀጭን ክር ያለውን ባለ 60 ዋት ቢጫ አምፖል ነው። ባለሱቁ «ያው ነው» ቢላችሁ አትስሙት።

መጀመሪያ ክዳኑን አዘጋጁ። ዙሪያውን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠርዝ አስቀርታችሁ መሃሉን በካተር ቁረጡት። ጥልፍልፍ ሽቦውን ከቀዳዳው ትንሽ አስፍታችሁ ቁረጡና ጠርዙ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ ሚስማሩን በፒንሳ ይዛችሁ በእሳት አግሉትና ጠርዙን ዙሪያውን ብሱት። ይህን ውጭ ሆናችሁ ስሩት፤ የፕላስቲክ ጭስ ለሳንባ አይሆንም። ሽቦውን በቀጭኑ ሽቦ ስፉት፣ የሾለውን ጫፍ ሁሉ ወደ ውጭ እጠፉት። ድመት ያለበት ግቢ ከሆነ በደንብ አጥብቁ።

በጎንና በጎኑም ከላይ በኩል አምስት ስድስት ቀዳዳ ብሱ። ከታች በፍጹም አትብሱ። ጫጩቷ የምትተኛበት ላይ ንፋስ ከገባ ያ ሁሉ አምፖል ከንቱ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። አምፖሉን መሃል ላይ ሳይሆን ወደ አንዱ ጫፍ አድርጋችሁ፣ ከወለሉ ንጣፍ 25 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንዲንጠለጠል እሰሩት። እንዲህ ሲሆን አንዱ በኩል ይሞቃል፣ ሌላው ይቀዘቅዛል፤ ጫጩቷ የሚስማማትን ራሷ ትመርጣለች። ከየትኛውም ግድግዳ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። በኤሌክትሪክ ገመዱ ብቻ አታንጠልጥሉት፤ ከላይ በተጋደመ እንጨት ላይ በሽቦ እሰሩት።

እኔ ይህን የተማርኩት ከከሰርኩ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ሳጥኔ ላይ አምፖሉን ከግድግዳው አጠጋሁት። እኩለ ሌሊት ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ዘልዬ ስነሳ ግድግዳው እንደ ሻማ ቀልጦ ወደ ውስጥ ተጣሟል፣ ጫጩቶቹ ወዲያ ማዕዘን ላይ ተቆልለዋል። ተረፉ፣ ተመስገን። ሳጥኑ ግን ተጣለ።

ለወለሉ ከአናጢ ቤት እንጨት ሲላግ የሚወድቀውን ጥቅልል ልጣጭ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር አንጥፉ። ዱቄት የሆነውን ሰጋቱራ ተዉት፤ ጫጩቶች መኖ መስሏቸው ይለቅሙታል። ጋዜጣ ብቻውን ደግሞ ያንሸራትታል፣ እግራቸው ተከፍቶ ይቀራል። ውሃው በዝርግ ሳህን ይሁን፣ ውስጡም የታጠቡ ጠጠሮች ይደርደሩበት። ጫጩት በሁለት ጣት ጥልቀት ውሃ ትሰጥማለች። መኖው የጫጩት መኖ ነው፤ ጤፍ ብቻውን አያሳድግም።

በመጀመሪያው ሳምንት አምፖሉ ስር ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። ለመቀነስ አምፖሉን ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው። ቴርሞሜትር ቢኖር ጥሩ፣ ባይኖርም አብሽሩ፤ ጫጩቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። አምፖሉ ስር ተቆልለው ጭው ጭው ካሉ በርዷቸዋል። ወደ ጫፍ ሸሽተው አፋቸውን ከፍተው ክንፋቸውን ካንጠለጠሉ ሞቋቸዋል። እዚህም እዚያም ተበታትነው እየለቀሙ፣ አንዳንዷ ተዘርግታ ከተኛች ልክ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ቀን እንደዚያ ተዘርግታ የተኛችዋን የሞተች መስሎኝ አንስቻታለሁ። ጮኸችብኝ።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን እናንተ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላችኋል፤ ቀን ላይ አምፖሉን ማጥፋት ሊኖርባችሁ ይችላል።

መብራት ሲጠፋስ? ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በአሮጌ ካልሲ ጠቅልላችሁ መሃላቸው አስቀምጡ። ሳጥኑን ግማሽ ድረስ በጋቢ ሸፍኑት። ውሃውን በየሁለት ሰዓቱ ቀይሩ። ከሰል ግን በተዘጋ ክፍል አታስገቡ፤ ጫጩቱንም እናንተንም ይጨርሳል።

የፈንግል ክትባት ጊዜው እንዳያልፍ ጫጩቶቹ እንደገቡ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። እርጥብ ንጣፍ ካያችሁ የዚያኑ ቀን ቀይሩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጠባቸዋል፤ ሁለተኛ ሳጥን ጨምሩ ወይም ወደ ሰፋ ቦታ ከነአምፖላቸው አዛውሯቸው። አምስት ስድስት ሳምንት ሲሞላቸው ላባቸው ይሟላል፣ አምፖሉም ያበቃል። ሳጥኑን በሳሙናና በበረኪና አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ ለቀጣዩ ዙር ይሆናል።

የግቢያችን እናት በቀደም መጥተው «በል እንግዲህ፣ አሁን ለዳቦዬ ስጠኝ» አሉኝ። ስድስት ሳምንት ኩስ የዋለበት መሆኑን ስነግራቸው ጥለውኝ ገቡ።