በጥንት የሩሲያ ዜና መዋዕል ያለን ዓመት ወደ ትክክለኛው ዘመን እንዴት እንመልሳለን?

የጥንት ሩሲያ ጸሐፊዎች ዓመት የሚቆጥሩት ከዓለም መፈጠር ተነስተው ነው። ባሕረ ሐሳብ ለሚያውቅ ሰው ዓመተ ዓለም እንግዳ አይደለም። እኔን ያሳሳተኝም እሱ ነው። እንደለመድኩት 5500 ቀነስኩና አንድን ክስተት በማይገኝበት ዘመን ውስጥ ሳምንት ሙሉ ስፈልግ ከረምኩ። የእነሱ ቁጥር የቢዛንታይን ነው፤ መነሻው 5508 ነው። (የአውሮፓን ወራት በስማቸው እጠራለሁ፤ ከእኛ ጋር እንዳይምታቱ። ተቀንሰው የሚወጡት ዓመቶችም የአውሮፓ ናቸው።)

መጀመሪያ ጽሑፉን ሙሉውን አንብቡ። ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ወሩን፣ ቀኑን፣ ዕለቱን (ሰኞ፣ ማክሰኞ የሚለውን) እና የቅዱሱን መታሰቢያ መዝግቡ። ብዙ ሰው ዕለቱን ይዘለዋል። እባካችሁ አትዝለሉት፤ ኋላ የሚፈርደው እሱ ነው።

ቀጥሎ ያለው ነው ከባዱ። ዓመቱ መቼ ይጀምራል? ሦስት ልማድ አለ። አንዱ፣ ተራው የማርች ልማድ፣ በማርች 1 ይጀምራል፤ ከማርች እስከ ዲሴምበር ላለ ቀን 5508 ትቀንሳላችሁ፣ ለጃንዋሪና ለፌብሩዋሪ 5507። ሁለተኛው ኡልትራማርች ይባላል። እሱም በማርች ይጀምራል፣ ግን አንድ ዓመት ይቀድማል፤ ስለዚህ 5509 እና 5508 ይቀነሳል። ሦስተኛው በሴፕቴምበር 1 ይጀምራል፤ ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር 5509፣ ለቀሪዎቹ ወራት 5508።

በምሳሌ እንየው። መነኩሴው ላቭሬንቲ በ1377 የገለበጠው ዜና መዋዕል እንዲህ ይላል፦ 6694 ዓመተ ዓለም፣ ሜይ 1፣ የነቢዩ ኤርምያስ መታሰቢያ፣ ረቡዕ፣ በማታ ጸሎት ሰዓት በፀሐይ ላይ ምልክት ታየ። በተራው የማርች ልማድ 1186 ይወጣል። በሴፕቴምበሩም 1186 ነው። በኡልትራማርች ግን 1185።

ሁለት ለአንድ ስለሆነ 1186ን እንምረጥ? በፍጹም። በጁልያን ካላንደር፣ ማለትም አውሮፓ ከዛሬው በፊት በተጠቀመበት አቆጣጠር፣ አስሉት። ሜይ 1 ቀን 1186 ሐሙስ ነው። በ1185 ግን ረቡዕ ይውላል። ከዚያ የፀሐይ ግርዶሽ ሰንጠረዥ ክፈቱ፤ ሜይ 1 ቀን 1185 ግርዶሽ ነበር። አለቀ። ኢንተርኔት ላይ ያሉትን ቁጥር ብቻ አስገብታችሁ ዓመት የሚያወጡ መቀየሪያዎች አልወዳቸውም፤ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው 5508 ይቀንሳሉ።

ለቅዱሳን ቀን የእኛን ስንክሳር አትጠቀሙ። በእኛ ኤርምያስ የሚታሰበው ግንቦት 5 ነው፤ ይህም በጁልያን ኤፕሪል 30 ላይ ያርፋል። አንድ ቀን ብቻ ነው ልዩነቱ፣ ግን ስሌቱን ያበላሻል።

በመጨረሻ ሌላ ዜና መዋዕል አስተያዩ። ያንኑ ግርዶሽ የሩሲያው ልዑል ኢጎር ፖሎቭትሲ በሚባሉት ዘላኖች ላይ ሲዘምት ዶኔትስ ወንዝ አጠገብ አይቶታል። የኢፓትየቭ ዜና መዋዕል ዘመቻውን በ6693 ያስቀምጠዋል። 5508 ሲቀነስ ያው 1185 ነው። የቁጥሮቹ መለያየት ስህተት አይደለም፤ የልማድ ልዩነት ነው።

አንድ መጽሐፍ ሁሌም አንድ ልማድ ይከተላል ብላችሁ ግን አትመኑ። ጸሐፊዎቹ ከተለያየ ምንጭ እያመጡ ስለሚያጣምሩ፣ ይኸው የላቭሬንቲ መጽሐፍ ሩሲያውያን ከሞንጎሎች ጋር የተዋጉበትን የካልካ ጦርነት በ6731 በተራው የማርች ልማድ ይጽፋል። የኖቭጎሮዱ ቀዳማዊ ዜና መዋዕል ደግሞ በኡልትራማርች 6732 ይላል። ሁለቱም የሚሉት 1223ን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ክስተት ለብቻው አስሉ፤ የትኛውን ልማድ እንደተጠቀማችሁም ከውጤቱ አጠገብ ጻፉ።