ኬቤክ ከተማን በበረዶ ወቅት ማየት፦ ከአርብ ማታ እስከ እሑድ

እናቴ ካናዳ፣ ሞንትሪያል ልትጠይቀኝ የመጣችው ጥር ላይ ነበር። ሰው ሁሉ «ምነው በሙቀቱ ወራት ብታመጫት» አለኝ። ለእኔ ግን ኬቤክ ከተማ የሚያምረው በረዶ ሲለብስ ነው፤ እሷም እንደዚያው እንድታየው ፈለግሁ። ወላጅ ይዞ ለመሄድ ያሰበ ሁሉ ስለሚጠይቀኝ ያደረግነውን ልጻፈው።

ከምንም በፊት ጫማ። አሮጌው ከተማ ግማሹ ገደል ላይ፣ ግማሹ ገደሉ ሥር ወንዙ ዳር ነው። ሁለቱን ከሚያገናኙት ደረጃዎች አንዱ ስሙ ራሱ «አንገት ሰባሪ» ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ሶሉ ለስላሳ በሆነ ቡትስ ወርጄበት አዳለጠኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ የእጄን አንጓ አስሬ ከረምኩ። አሁን ክራምፖን የሚሉትን፣ ጫማ ላይ የሚጠለቀውን ባለ ብረት ጥርስ ላስቲክ ሳልይዝ አልሄድም። ሱቅ ስትገቡ ግን አውልቁት፤ ሴራሚክ ላይ ከበረዶው ይብሳል። ካልሲም አንድ ወፍራም ሱፍ ይበቃል። ሁለት ደርባችሁ ጫማው ከጠበበ እግራችሁ ደም አይደርሰውም፣ የባሰ ይበርደዋል። ስልካችሁን የውስጥ ኪስ ውስጥ ክተቱት፤ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል።

እማዬ ለአንገቷ የገዛሁላትን ትታ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተሸፋፍና ወጣች። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ትንፋሿ ጨርቁ ላይ ረግቶ ጠርዙ እንደ ካርቶን ደረቀ። ጥጥ እርጥበት ይይዛል፤ ለአንገት ሱፍ ያዙ።

ከሞንትሪያል በባቡር ሦስት ሰዓት ከምናምን ነው፤ ጣቢያውም ከአሮጌው ከተማ ሥር ነው። መኪና አልመክርም። በሕጉ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 የበረዶ ጎማ ግዴታ ነው፣ በዚያ ላይ በረዶ በሚጠረግበት ሌሊት ማቆሚያ ፍለጋ መዞር አለ። አርብ ጾም ስለሆነ የጾም ፍርፍር ቋጥረን ባቡር ላይ በላን።

ምግብ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የአገሩ ባህላዊ ምግብ የአሳማ ሥጋ ይበዛበታል። የአተር ሾርባው ንጹሕ አተር ቢመስልም ብዙ ጊዜ በአሳማ ሥጋ ነው የሚሠራው፤ ቱርቲየር የሚሉት የሥጋ ኬክም እንደዚሁ። ገብታችሁ አስቀድማችሁ በፈረንሳይኛ «ቦንዡር» በሉ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛም ቢሆን ጠይቁ፤ በደስታ ይነግሯችኋል።

ቅዳሜን አርባ ደቂቃ ውጭ፣ ሃያ ደቂቃ ቤት ውስጥ እያላችሁ ከፋፍሉት። ጠዋት ከሻቶ ፍሮንትናክ ሆቴል ፊት ካለው የዱፍሪን ሰገነት ጀምሩ። እ.ኤ.አ. ከ1884 ጀምሮ ሰው በእንጨት ተንሸራታች የሚወርድበት ቁልቁለት እዚያው ነው፤ እማዬ ቆማ እያየች እኔ ወረድኩ። ወደ ታችኛው ከተማ በደረጃው ሳይሆን ፉኒኩለር በሚሉት፣ በገመድ እየተጎተተ ገደሉን ይዞ በሚወርደው ሳጥን ሂዱ። ፈረንሳዊው አሳሽ ሻምፕላን በ1608 ከተማዋን የቆረቆረበት ፕላስ ሮያል ታች ነው። አደባባዩ ላይ ያለችው ትንሿ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን በ1680ዎቹ መጨረሻ የተጀመረች ናት፤ እማዬ አማትባ ገባች፣ እኔም እግሬን አሞቅሁ።

ከሁሉ የማስበልጠው ግን ወንዙን የሚያሻግረው መርከብ፣ ፌሪው ነው። ከታችኛው ከተማ ተነስቶ ማዶ ሌቪ ለመድረስ ከአሥር ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ጥር ላይ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ልክ በዚያ ሰዓት ተሳፈሩ። ሙቀቱን ትታችሁ ደርብ ላይ ውጡ። መርከቡ በረዶውን ሲገፋ መጀመሪያ ጎኑን የመፋቅ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ትልቁ የበረዶ ሰሌዳ መሐሉ ላይ ይሰነጠቅና ጥቁር ውሃ ብቅ ይላል። እማዬ የብረቱን አጥር ጨብጣ «ወንዙ ጥርሱን ያፋጫል እኮ!» አለች። ወንዙን፣ ሴንት ሎረንስን፣ እዚህ ድረስ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት (ታይድ የሚሉት) ስለሚገፋው ፍሰቱ በቀን ውስጥ ይገለበጣል፤ ጠዋት ቁልቁል ሲሄድ ያየነው በረዶ ማታ ሽቅብ ይጓዝ ነበር። ይህን ማመን አቅቷት ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ስንመለስ ከተማው በሙሉ መብራቱን አብርቶ ገደሉ ላይ ተደርድሮ ጠበቀን።

እሑድ ሞንሞራንሲ ፏፏቴ ሄድን። ቁመቱ 83 ሜትር ነው፣ ከናያጋራ ይበልጣል። የሚረጨው ውሃ ከሥሩ እየረጋ እንደ ገለባ ክምር ይቆለላል፤ ብርዱ በጠና ቁጥር ክምሩ ያድጋል።

ልጆች ካሏችሁ በጃንዋሪ መጨረሻ ወይም በፌብሩዋሪ መጀመሪያ የሚጀምረውን የበረዶ በዓል፣ ካርኒቫሉን፣ ጠብቁ። ትልቅ ሰው ከያዛችሁ ግን ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ሂዱ፤ ግፊያ የለም፣ ሆቴልም ይረክሳል።

ከመመለሳችሁ በፊት ከሜፕል ዛፍ ፈሳሽ የሚሠራውን የሜፕል ከረሜላ ብሉ። የፈላውን ሽሮፕ ንጹሕ በረዶ ላይ በመስመር ያፈሱላችኋል፤ ትንሽ ያዝ እስኪያደርግ ጠብቃችሁ በትንሽ እንጨት ጫፉን ተጭናችሁ ማዞር ነው። ጓንታችሁን አውልቁ፣ ፀጉሩ ይጣበቅበታል።