የሆድ ደም ቧንቧ ዶፕለር እንዴት ይሠራል? ከማታው ጀምራችሁ ተዘጋጁ

እናቴን የበላችው ሁሉ ያማት ነበር። ማዕድ ከተነሳ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሆዷን ይዛ ትጎብጣለች። እየቆየ ምግብ መፍራት ጀመረች፤ ቀሚሶቿ ሁሉ ሰፏት። የጨጓራ መድኃኒት ለወራት ብትወስድም ጠብ ያለላት ነገር የለም። በመጨረሻ አንድ ሐኪም "እስቲ ወደ አንጀትዎ የሚሄደውን ደም እንየው" አላትና ዶፕለር አልትራሳውንድ አዘዘላት።

እዚሁ ድሬዳዋ ቀጠሮ ያዝን። በባዶ ሆድ ኑ ያለን ሰው ግን አልነበረም። ጠዋት ሻሂ በወተት ጠጥታ፣ ዳቦ ቀምሳ ሄደች። ባለሙያው ሆዷን ቢያስስ ቢያስስ ስክሪኑ ላይ የሚታየው እንደ ጉም ያለ ግራጫ ነገር ብቻ ሆነ። "ጋዝ ነው፤ ሌላ ቀን ኑ" ተባልን። በሕመሟ ላይ የሌላ ሳምንት ጭንቀት ተጨመረባት። እናንተም እንዲህ እንዳትመለሱ ነው ይህን የምጽፈው።

ነገሩ የሚሠራበት መንገድ

ባቡር ጡሩምባውን እየነፋ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፤ አልፎ ሲሄድ ይወፍራል። ክርስቲያን ዶፕለር የተባለ ኦስትሪያዊ በ1842 እ.ኤ.አ. ምክንያቱን አስረዳ። በ1845 ደግሞ ሆላንድ ውስጥ ቦይስ ባሎት የተባለ ሳይንቲስት ጡሩምባ ነፊዎችን ባቡር ላይ አሳፍሮ እውነትነቱን ፈተነ። የባቡር ከተማ ልጅ ስለሆንኩ ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። መሣሪያውም የሚሠራው በዚሁ ነው። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ከሚሮጡት የደም ሴሎች ነጥሮ ሲመለስ ምን ያህል እንደቀጠነ ወይም እንደወፈረ ለክቶ የደሙን ፍጥነት ያሰላል። ጨረርም መርፌም የለውም።

አንደኛ፦ ማታውን

ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ድምፁ ጋዝ ሰብሮ አያልፍም፤ የምንፈልጋቸው ቧንቧዎች ደግሞ ከአንጀት ጀርባ፣ አከርካሪ አጠገብ ናቸው። ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ6 እስከ 8 ሰዓታት ያህል ሆድ ባዶ መሆን አለበት። ቀጠሮው ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ ማታ 1 ሰዓት ላይ ቀለል ያለ እራት ብሉ። ፉል፣ ሽሮና ለስላሳ ለዚያች ማታ ይቅሩ። ማስቲካና ሲጋራ አየር እንድንውጥ ያደርጋሉ። ጫትም ይቅር፤ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ ከለስላሳ ጋር ሲሆን ደግሞ ሆድ ይነፋል። በሁለተኛው ቀጠሮ ዋዜማ አጎቴ "አቦ፣ አንዲት ስኒ ሻሂ ጠዋት ብትጠጣ ምን ትሆናለች?" ብሎ ነበር። እናቴ ራሷ "አይሆንም" አለችው።

የድሬ ሙቀት ቀልድ ስላልሆነ የማለዳ ቀጠሮ ለምኑ። መድኃኒት የምትወስዱ በጥቂት ውኃ መዋጥ ትችሉ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። የስኳር ሕመምተኛ ሐኪሙን ሳያማክር አይጹም።

ሁለተኛ፦ አልጋው ላይ

በጀርባ መተኛት ነው። ጄሉ ይቀዘቅዛል። በዚህኛው ቀን ያገኘናት ባለሙያ ፕሮቡን፣ ማለት ድምፁን የሚልከውን በእጅ የሚያዝ የመሣሪያውን ክፍል፣ ከደረት አጥንት በታች ጫን አድርጋ ይዛ "እማማ፣ አየር ይሳቡና ይያዙልኝ" አለቻት። መጀመሪያ ትልቁን ቧንቧ፣ አኦርታን ለካች። ብዙውን ጊዜ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ 3 ከደረሰ አብጧል ይባላል። ቀጥሎ ወደ ጉበትና ጣፊያ የሚሄደው ታየ፤ ለሁለት ሲከፈል ክንፉን የዘረጋ ወፍ ይመስላል። ከሥሩ አንጀትን የሚመግበው አለ። ግፊቱ አልወርድ ላለው ሰው የኩላሊቶቹም ይታያሉ።

ቀዩና ሰማያዊው ቀለም አያስደንግጣችሁ፤ ደሙ ወደ ፕሮቡ እየመጣ ወይም እየራቀ መሆኑን ብቻ ነው የሚናገረው። ከዚያ ባለሙያዋ ስክሪኑ ላይ በሚታየው ቧንቧ ምስል ውስጥ አንዲት ትንሽ መስመር አስቀመጠች። የድምፁ መስመርና የደሙ ጉዞ የሚሠሩት አንግል ከ60 ዲግሪ ከበለጠ ፍጥነቱ ይዛባል፤ ስለዚህ ደጋግማ ብታስተካክል አትሰልቹ። ድንገት ክፍሉን "ሽው፣ ሽው" የሚል ድምፅ ሞላው። እናቴ ዓይኗን ጨፍና የገዛ ደሟን አዳመጠች።

ትንፋሽ ሲወጣና ሲገባ የሚለካበት ምክንያት አለ። አንዳንድ ሰው ላይ አየር ሲያስወጣ የድያፍራም (ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ) ጅማት የላይኛውን ቧንቧ፣ ያን ወደ ጉበትና ጣፊያ የሚሄደውን፣ ይጫነዋል።

ሦስተኛ፦ ወረቀቱን ስትቀበሉ

የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ ሲሞላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰፊው አሸዋ ላይ የተዘረጋው ጎርፍ ጠባብ ቦታ ሲደርስ ይምዘገዘጋል። ደምም እንደዚያው ነው፤ በጠበበ ቧንቧ ይፈጥናል። በባዶ ሆድ የአንጀቱ ቧንቧ ፍጥነት በሴኮንድ ከ275 ሴንቲ ሜትር፣ የላይኛው ደግሞ ከ200 ካለፈ፣ ቧንቧው 70 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ጠቧል ተብሎ ይጠረጠራል። ጥርጣሬ ነው ያልኩት፤ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። የእናቴም ከዚህ ስላለፈ የደም ቧንቧ ሲቲ ስካን ታዘዘላት። ቁጥሮቹ ወረቀቱ ላይ መጻፋቸውን አረጋግጡ፤ የሚቀጥለው ሐኪም ይፈልጋቸዋል።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ድንገት የጀመረ፣ ፋታ የማይሰጥ የሆድ ሕመም፣ በተለይ የልብ ምቱ የሚዛባ ሰው ላይ ከሆነ፣ በዚያችው ሰዓት ባጃጅ ይዛችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ።