የሚበደልን ልጅ ለይቶ ለማወቅና ለመርዳት

በልጅ ላይ የሚደርስ በደል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ዱላን ብቻ ቢሆንም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ወሲባዊ ጥቃትን፣ ስሜታዊ በደልንና ቸልተኝነትን ጭምር ይቆጥራል። ለመለየት የሚያስቸግረው ቸልተኝነት ነው፤ የሚታየው የተደረገው ሳይሆን ያልተደረገው ነውና።

መምህር ወይም ጎረቤት ከሆኑ በመጀመሪያ የጠባይ ለውጥን ያስተውሉ። ተጫዋች የነበረ ልጅ ዝምተኛ ከሆነ፣ ወደ ቤት መሄጃው ሲደርስ ከተጨነቀ ወይም የሚሰጠው ምክንያት ከቁስሉ ጋር ካልተጣጣመ ልብ ይበሉ፤ ሮጦ የወደቀ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ጉልበቱን፣ ክርኑንና ግንባሩን እንጂ ጀርባውን ወይም ጆሮውን አይደለም። ከገጠር መጥታ ዘመድ ቤት የምትኖር ልጅ ካለች ደግሞ፣ የቤቱ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ እሷ የት እንደምትውል ይጠይቁ፤ ይህን ጥያቄ በይሉኝታ የምናልፈው ይመስለኛል። በእርግጥ አንድ ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በቤቱ የባልና ሚስት ድብድብ ወይም የመጠጥ ሱስ ካለ ግን ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ልጁ ሲናገር ሳያቋርጡ ያዳምጡ፤ «አባትህ ነው የመታህ?» ከማለት «ምን ሆንክ?» ማለት ይሻላል። ለማንም አልናገርም ብለው ቃል አይግቡ፤ የሰሙትን ግን በራሱ በልጁ አነጋገር፣ ቀኑን ጨምረው ይጻፉ። ወላጆቹን በቁጣ መጋፈጥ ልጁን ለባሰ ቅጣት ሊዳርገው ስለሚችል ጉዳዩን ለፖሊስ ያሳውቁ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 ልጅን ማንገላታትን ያስቀጣል። ወሲባዊ ጥቃት ከተጠረጠረ ልጁ ሳይታጠብ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።